መጀመሪያ ጀልባውን ጠይቁ

እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ወሬ ዓለምን ዞረ፤ «ስኮትላንድ ደሴቷ ላይ ለሚኖርላት ሰው 50,000 ፓውንድ ትሰጣለች» የሚል። ወሬው ጨርሶ ከባዶ የተነሳ አልነበረም። የስኮትላንድ መንግሥት «የደሴቶች ቦንድ» ያለውን ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በጠቅላላው 5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለ100 ያህል ሰው ወይም ቤተሰብ፣ እያንዳንዱ እስከ 50,000። ደሴተኞቹ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ሐሳቡን አልወደዱትም። ቤትና ጀልባ በሌለበት ለጥቂት ሰው ገንዘብ ማደል ምን ይፈይዳል አሉ። በ2022 ዕቅዱ ተሰረዘ። ወሬው ግን አልሞተም፤ ዛሬም «እንዴት ነው የሚመዘገቡት?» የሚል ሰው አይጠፋም።

ምዝገባ የለም። የደሴት ቪዛ የሚባል ነገርም የለም። የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃድ የሚወሰነው ለንደን ላይ ነው፤ ኤዲንብራ ያለው መንግሥት ስለ ቤት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤናና ስለ ጀልባ እንጂ ስለ ቪዛ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የመኖሪያ ፈቃድ በእጃቸው ላለ ነው፤ ግላስጎው ወይም ለንደን ኖረው፣ የኪራዩና የግርግሩ ነገር አንገፍግፏቸው፣ ካርታው ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ለሚያዩ።

ስኮትላንድ ከ790 በላይ ደሴቶች አሏት፤ ሰው የሚኖርባቸው 90 ገደማ ናቸው። ሰው ደሴት የሚመርጠው ፎቶ አይቶ ነው። መምረጥ ያለበት ግን የጀልባ ፕሮግራም አይቶ ነው፤ የበጋውን ሳይሆን ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ማርች የሚሠራውን። የምትበሉት፣ ሐኪም የምታዩበት ቀን፣ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት የሚመጣበት አርብ፣ የቤታችሁ ዋጋ ሳይቀር ከዚያች ወረቀት ይጀምራል። ስካይ ከ1995 ጀምሮ ድልድይ ስላለው በኑሮ ረገድ ደሴት ነው ለማለት ይከብዳል። ሉዊስ ትልቅ ነው፤ ከዋናው ምድር ከአላፑል ወደ ደሴቱ ወደብ ወደ ስቶርኖዌይ መኪና የሚጭን ትልቅ መርከብ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ሆስፒታልም ሱፐርማርኬትም አለው። እንደ ኤግ፣ ፎላና ፌር አይል ያሉት ትንንሾቹ ደሴቶች ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ፌር አይልን ለረጅም ዓመታት ያገለገለችው ጉድ ሼፐርድ የተባለች ጀልባ ደሴቱ ላይ ስታድር ወደብ ውስጥ አትተውም ነበር፤ ማዕበሉ ስለሚሰባብራት በገመድ ተጎትታ ከውኃ ትወጣለች። ባራ በተባለው ደሴት ላይ ደግሞ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ነው። ውኃው ሲሞላ ማረፊያው ስለሚሸፈን የበረራው ሰዓት ከባሕሩ ጋር ይቀያየራል።

ጀልባ የሚያስቀረው ደግሞ ሰው እንደሚያስበው የነፋስ ኃይል ብቻ አይደለም። አቅጣጫውም ነው። አንዳንዱ የመርከብ ማረፊያ ከምዕራብ የሚመጣ ኃይለኛ ነፋስ ይችላል፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ መለስተኛ ነፋስ ግን ያሸንፈዋል። ምክንያቱም መርከቡ ባሕሩን አቋርጦ ደርሶ እንኳ መጠጋት ላይችል ይችላል። የደሴት ሰው የአየር ትንበያውን ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው የቀስቱን አቅጣጫ ነው። ከዚህ የሚከተለው ጥንቃቄ ቀላል ነው። የሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ሰው በዚያው ቀን አይሻገርም፣ ቀድሞ ሄዶ ያድራል። ቤት ውስጥ የሁለት ሳምንት ምግብ ይኖራል። የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንድ ብልቃጥ ሲቀረው ሳይሆን ገና አንድ ወር ሲቀረው ያዝዛል። ወደ ዋናው ምድር «ደርሼ ልምጣ» ብሎ የሚወጣ ሰው የማደሪያ ልብስና የአልጋ ገንዘብ ይይዛል።

ዋጋው አንድ ጊዜ መከራ ነበር። በ2008 በሙከራ የተጀመረው፣ በ2015 የምዕራብ ደሴቶችን መስመር ሁሉ ያዳረሰው ታሪፍ የመርከቡን ዋጋ ያንኑ ርቀት በመንገድ ለመንዳት ከሚወጣው ጋር አቀራረበው። መልካም ነው፤ ግን ዋጋው ሲወርድ ቱሪስቱ መኪናውንና ካምፐር ቫኑን እየነዳ መጣ። ጁላይ ላይ የመኪናው ወለል ለሳምንታት ይያዛል፤ የጥርስ ቀጠሮ ያለው ደሴተኛ ቦታ ያጣል። መርከቦቹም አርጅተዋል። በ2015 የታዘዙት ሁለት አዳዲስ መርከቦች በ2018 ይደርሳሉ ተብለው ነበር፤ የመጀመሪያው፣ ግሌን ሳኖክስ፣ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2025 ነው። አንዷ ስትበላሽ ሌላዋ ከሌላ ደሴት ትነጠቃለች፤ ስለዚህ እናንተ ባላያችሁት ወደብ የተበላሸ ሞተር እናንተን ያስርባችኋል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ዕቃ ማጓጓዝ ላይ ነው፤ የቫን ኪራይ በቀን ይቆጠራል፣ የአየሩ ጠባይ ግን በቀን አይቆጠርም። ሾፌሩ ገብቶ መውጣት ካልቻለ አልጋውም ምግቡም የመኪናው ኪራይም የእናንተ ዕዳ ነው። ኤግን የመሳሰሉት ትንንሾቹ ደሴቶች ደግሞ የእንግዳ መኪና ያለ ፈቃድ አያስገቡም፤ ፈቃዱም ቦታውም ቀደም ብሎ መያዝ አለበት። ሶፋውን ተዉት፤ መፍቻ፣ መሰርሰሪያ፣ መሰላል፣ የዝናብ ልብስና አልጋ ይቅደሙ። ደሴት ላይ ሶፋ የሚሰጣችሁ ሰው አይጠፋም፣ መሰርሰሪያውን ለሁለት ወር የሚያውሳችሁ ግን የለም።

ቤቱ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጠብቃል። የስኮትላንድ የቤት ሽያጭ ከእንግሊዙ ይለያል። ሻጩ ሆም ሪፖርት የሚባለውን የቤቱን ሁኔታ የሚገልጽ ሰነድ ያዘጋጃል። ዋጋው «ከዚህ በላይ» ተብሎ ይወጣል። ገዢዎች በጠበቃቸው በኩል፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ በተቆረጠው ቀን ዋጋ ያስገባሉ። የጠበቆቹ ደብዳቤ ልውውጥ ካለቀ በኋላ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ማለት ገንዘብ ያስከፍላል። ሪፖርቱ ላይ ቁጥር 3 የተሰጠው ነገር ማለት አስቸኳይ ጥገና ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ጣሪያ ላይ ቁጥር 3 ካያችሁ ሠሪ ትደውላላችሁ። ደሴት ላይ ሠሪው አንድ ነው፤ ወረፋው ደግሞ የዓመት ሊሆን ይችላል። የሱ ጀልባና አልጋ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ማጓጓዣ ሁሉ ሲደመር ርካሽ የመሰለው ቤት ርካሽ አይሆንም።

ከዚያ ክሮፍት የሚባለው አለ። ይህ በ1886 በወጣ ሕግ የተፈጠረ የአነስተኛ ይዞታ ዓይነት ነው። ባላባቶች ገበሬውን እያፈናቀሉ መሬቱን ለበግ ሲያውሉት ከቆዩ በኋላ፣ ሕጉ ጭሰኛው እንዳይነቀል፣ ኪራዩ ሚዛናዊ እንዲሆንና ለልጁ እንዲያወርስ ዋስትና ሰጠው። «መሬት ላራሹ» ሲባል ላደገ ሰው ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም። ችግሩ ክሮፍት ማለት ቤት ማለት አለመሆኑ ነው። ይዞታውን የሚያዛውርላችሁ ሰው ቢስማማም የክሮፍቲንግ ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልጋል። ያዡ ከክሮፍቱ በ32 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ መኖር፣ መሬቱን ማልማት፣ ሳያጎሳቁል መያዝ ግዴታው ነው። ባንክ ደግሞ ባለቤትነቱ ያልተለየ መሬት ላይ ለቆመ ቤት ብድር አይሰጥም፤ ስለዚህ የቤቱ ቦታ ከክሮፍቱ ተቆርጦ መውጣት አለበት፣ ይህም ወራት ይወስዳል። «ብድሩ ጸድቋል» የሚል ቃል ይዞ መጥቶ እዚህ ላይ የቀረ ገዢ ብዙ ነው።

ኤግ ላይ ደግሞ መሬቱ የአንድ ሰው አይደለም። ባለቤት ሲፈራረቅባቸው የኖሩት ነዋሪዎች በጁን 1997 ከብዙ ሺህ ሰዎች በተዋጣና አንድ ስማቸው ያልተገለጸ ለጋሽ በጨመሩት ገንዘብ ደሴቱን በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙት። ያኔ 65 ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ 110 አካባቢ ናቸው። ቤት ስትፈልጉ የምትጠይቁት የቤት ወኪል ሳይሆን ማኅበረሰቡን ነው፤ ማኅበረሰቡም መልሶ ይጠይቃችኋል፤ «ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ።

ስለ ኤግ መብራት ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም የደሴት ኑሮ ከዚህ በላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ነገር የለም። እስከ 2008 ድረስ በደሴቱ ላይ የጋራ መብራት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን የናፍጣ ጄኔሬተር ያንጓጓ ነበር። በፌብሩዋሪ 2008 የራሳቸውን ኔትወርክ ከፈቱ። ከወንዝ የሚመነጭ ኃይል አለ፤ ትልቁ ተርባይን 100 ኪሎ ዋት ነው። አራት የነፋስ ተርባይኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 6 ኪሎ ዋት። የፀሐይ ፓነልና ባትሪም አለ። ሁሉም ሲደክም የሚነሳ የናፍጣ ጄኔሬተር አለ። ከዋናው ምድር የሚመጣ ገመድ የለም። ስለዚህ ሁሉም ተስማምተው ገደብ አበጁ፤ መኖሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ ዋት በላይ አይስብም፣ ድርጅት ከ10። ካለፋችሁ የቤታችሁ መብራት ይቋረጣል፣ መልሶ ማስቀጠያውም ያስከፍላል።

አሁን እንጀራ ጋግሩ። አገር ቤት የምናውቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። የእንግሊዝ የውኃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ ወደ 3 ኪሎ ዋት ነው። ምጣዱ እየጋለ ሳለ አንድ ሰው «ሻይ ልጣድ» ካለ 7 ሞላችሁ፤ ጨለማ። ከዚህ በፊትም ሌላ ግድግዳ አለ፤ የብሪታንያ ሶኬት ፊውዙ 13 አምፔር ነው፣ በ230 ቮልት ሲባዛ 3,000 ዋት ገደማ። የአዲስ አበባው ምጣድ ተራ ሶኬት ላይ ከተሰካ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ወይም ይባስ ብሎ ሶኬቱ ይቀልጣል። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ እንደ ትልቅ የምግብ ማብሰያ የራሱ መስመርና ብሬከር ሊወጣለት ይገባል። ውጭ ላሉ ሐበሾች የሚሸጡት 1,500 ዋት ገደማ የሚስቡ ምጣዶች ለገደቡ ይመቻሉ፤ ግን ከአሜሪካ ያስመጣችሁት በ110 ቮልት የሚሠራ ከሆነ እዚህ ስትሰኩት በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ሊጡም የራሱ ጣጣ አለው። 13 ዲግሪ በሆነ ወጥ ቤት እርሾ አይነሳም፤ ከምድጃው አጠገብ ካላሳደራችሁት ሦስት ቀን ጠብቃችሁም ዓይን የሌለው እንጀራ ነው የምታወጡት።

የሚገርመው፣ ዝናብ የሚጠላ ሰው ኤግ ላይ ዝናብ መውደድ ይጀምራል። ዝናብ ሲኖር ወንዙ ይሞላል፣ ባትሪው ይጠግባል፣ ትርፉ ኃይል ወደ አዳራሹና ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ ማሞቂያ በራሱ ይሄዳል። ሜይና ጁን ዝናቡ ሲቀንስ ወንዙ ይሳሳል፤ ያኔ ፀሐዩ ይተካል። ሁለቱም የሚሰንፉበት፣ ነፋሱም የሚተኛበት ሳምንት ሲመጣ ግን የልብስ ማጠቢያው ይቆያል። ሰው ይህን እንደ ችግር አያወራውም። ምጣድ ያለው ሰውም መጋገሪያ ቀኑን ከዝናቡ ጋር ያስማማል።

ለማብሰያ ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ሰማያዊውን ቡታን ሳይሆን ቀዩን ፕሮፔን ያዙ። ቡታን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ምድጃው አይነድም።

ውኃ ብዙ ቦታ ከምንጭ ወይም ከጅረት በቧንቧ ወደ ቤት የሚመጣ የግል ውኃ ነው። ቀለሙ ሻይ ሊመስል ይችላል፤ አፈሩ የበሰበሰ ሣር ስለሆነ ነው። ቀለሙ ብቻውን አይገድልም፤ ግን ጀርም የሚገድለውን የአልትራቫዮሌት መብራት ያከሽፈዋል፣ ጨረሩ ቡናማ ውኃ አያልፍምና። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ደለል የሚይዝ ሰፋ ያለ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ 5 ማይክሮን የሆነው ጠባቡ፣ መጨረሻ ላይ መብራቱ። መብራቱ እየበራ ሳለ ኃይሉ ስለሚደክም በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየራል፤ የከበበው የመስታወት ቱቦም ይወለወላል። ቤት ስትገዙ «ማጣሪያ አለው» የሚለውን አትመኑ፣ መብራቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ከመቅጃው በላይ ወጥታችሁም ጅረቱን ተከተሉ፤ የሞተ በግ የሚገኘው እዚያ ነው። የሽንት ቤቱን ሴፕቲክ ታንክ የሚመጠው ቦቴም በጀልባ ነው የሚመጣው፤ ጎረቤቶች ቀን አስማምተው አንድ ላይ ያስመጡታል።

ነፋሱ የቤቱን በር ሳይሆን የመኪናውን በር ነው መጀመሪያ የሚሰብረው። መኪናውን አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ አቁሙ፣ በአንድ ጊዜ አንድ በር ብቻ ክፈቱ፣ በእጃችሁም ያዙት። ከኋላ የመጣ ነፋስ በሩን ነጥቆ ማጠፊያውን ይገነጥለዋል። ጨዋማው አየር ደግሞ ብረቱን ይበላል። ከአንዳንድ ትንንሽ ደሴቶች የማይወጣ መኪና የዓመት ምርመራ አይጠየቅም፤ እኛ አገር ቦሎ የሚለጠፍለትን ያህል እንኳ ሳይታይ፣ በሩ በገመድ ታስሮ የሚሄድ መኪና ብታዩ አትደንግጡ።

ጨለማውን በቁጥር እንየው። የሼትላንድ ደሴቶች ዋና ከተማ ሌርዊክ 60 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ዲሴምበር 21 ቀኑ ስድስት ሰዓት አይሞላም። ጁን ላይ ወደ 19 ሰዓት ይጠጋል፤ ሌሊቱም በደንብ አይጨልምም። ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ብርሃን ለለመደ ሰው ሁለቱም ከባድ ናቸው፣ አንዱ እንቅልፍ ያበዛል ሌላው ይነሳል። የስኮትላንድ ጤና መመሪያ ከኦክቶበር እስከ ማርች ማንኛውም ሰው በቀን 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ እንዲወስድ ይመክራል፤ ቆዳው ጠቆር ላለ ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ይህችን የምንንቃት እኛ ነን፤ የምታስፈልገውም በተለይ ለእኛ ነው።

ሥራ እንደ ከተማው አንድ አይደለም። አንድ ሰው ጠዋት ፖስታ ያድላል፣ ከሰዓት ጀልባውን በገመድ ያስራል፣ ማታ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኛ ነው። ፌር አይል ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ የእሳት መከላከያ ልብስ ለብሰው የሚቆሙት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ናቸው። የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የዓሣ እርባታ፣ መምህርነት፣ ግንባታ ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋሉ። በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ይመጣል፤ ግን ቤቱ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ማንንም የማይረዳ ሰው በሁለተኛው ዓመት ራሱን ብቸኛ ሆኖ ያገኘዋል። ሉዊስ ላይ እሁድ እሁድ ነው፤ የመጀመሪያው የእሁድ መርከብ ከስቶርኖዌይ የተነሳው በጁላይ 2009 ነው፣ ያውም በተቃውሞ። እሁድ ልብስ አታስጡ። የሰንበትን ነገር ከእናቱ የተማረ ሐበሻ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ልጅ ያለው ሰው ግን ከሁሉ በፊት ይህን ያስብበት፤ ትንንሾቹ ደሴቶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንጂ ሁለተኛ ደረጃ የላቸውም። የኤግ ልጅ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ዋናው ምድር ላይ ወዳለችው ወደብ ማሌግ፣ የፌር አይልና የፎላው ደግሞ ሌርዊክ ሄዶ አዳሪ ይሆናል። ወደ ፌር አይልና ወደ ፎላ ደግሞ አየሩ ሲከፋ አርብ ይመጣል የተባለ ልጅ አይመጣም። ቤተሰብ ደሴቱን ለቆ የሚሄደው ከነፋሱና ከጨለማው ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ፤ ቀኗ ሳይደርስ ሆስፒታል ወዳለበት ቀድማ ትሄዳለች። የባሰ ነገር ከመጣ ሄሊኮፕተር አለ፣ ክፍያም የለውም፤ ጭጋግ ካለ ግን እሱም ይጠብቃል።

ለሆድ የሚሆን መጽናኛ አለ። ጎመን ይበቅላል፤ ሼትላንድ የራሷ የጎመን ዘር አላት፣ ነፋሱንም ጨውንም ለምዷል። እዚያው ሼትላንድ ላይ የተፈለሰፈው ፖሊክረብ የሚባለው የአትክልት ቤት የሚሠራው የዓሣ እርባታ ከጣለው አሮጌ ቧንቧና ከጠንካራ ፖሊካርቦኔት ነው፤ ተራው ላስቲክ በመጀመሪያው ማዕበል ሲቀደድ ይህ ይቆማል። ቃሪያ የምትተክሉት እዚያ ውስጥ ነው። በርበሬና ጤፍ በፖስታ ይመጣል፤ ግን ስታዝዙ በሮያል ሜይል ይላክ በሉ። የእሱ ዋጋ ለንደንም ኤግም አንድ ነው። የግል ማድረሻ ድርጅቶች የፖስታ ኮዱን ሲያዩ ተጨማሪ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ አንልክም ይላሉ።

ቅዳሴ ግን በፖስታ አይመጣም። ከኤግ ማሌግ በጀልባ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ከማሌግ ግላስጎው በባቡር ከአምስት ሰዓት በላይ ነው፤ እሁድን አስቀድሶ በዕለቱ መመለስ የለም። ፎላ ላይ ያለ ሰው ብቻ አንድ ያልታሰበ ነገር ያገኛል። እነዚያ ሠላሳ ገደማ ነዋሪዎች የድሮውን የጁልያን አቆጣጠር ስላልተዉ ገናን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 6 ነው፤ የእኛ ዋዜማ። ጎረቤቶቻችሁ ዲሴምበር 25 ቀን ሥራ ላይ ሆነው ብታዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ተከራይታችሁ ኑሩ የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ግን ማንም የማይነግራችሁ እንቅፋት አለበት። በስኮትላንድ ከዲሴምበር 2017 ወዲህ የመኖሪያ ኪራይ ውል ማብቂያ ቀን የለውም፤ አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት ማስወጣት አይችልም። ለተከራይ የወጣ ጥሩ ሕግ ነው። ቤቱን በበጋ ለቱሪስት የሚያከራይ ባለቤት ግን «ማርች ላይ ባይወጡልኝስ» ብሎ ይሰጋል፤ ብርዱን ባዶ ዘግቶት መክረም ይመርጣል። ባዶ ቤት ሞልቶ የሚከራይ የጠፋው ለዚህ ነው። የሰው ቤት ለመጠበቅ፣ እንስሳ ለመቀለብ፣ ወይም ከሥራ ጋር በተያያዘ መኖሪያ መግባት ይቀላል። ይህን ለማግኘት ደግሞ የደሴቱን ሱቅ ወይም የማኅበረሰቡን ጽሕፈት ቤት በሴፕቴምበር ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቱሪስቱ ሄዶ፣ የብርዱ ወራት የጀልባ ፕሮግራም ሳይጀምር።